የጋሼ ስልክ ሲያፏጭ

ባለፈው ሳምንት ሁለቱን የተለየናቸው ሱቁ በር ላይ ነበር። እሱ ዓይኑን ከሥራው ላይ ሳያነሣ «ባትሄጂስ?» አላት፤ እሷም አንዲት ቃል ሳትመልስ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሄደች። ግማሾቻችሁ «ወይ ጭካኔ!» ብላችሁ እንደተቆጣችሁ ሰምቻለሁ። ቆይ፣ አትቸኩሉ። ጨካኝ ብትሆን ኖሮ የታክሲውን ሰልፍ ትታ፣ ሰው እንባዋን እንዳያይባት አንገቷን ደፍታ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ ባልሄደች።

ዛሬ ገና ለተቀላቀላችሁን ደግሞ ነገሩን ባጭሩ ላስጨብጣችሁ። ልጅቷ በአንድ ሆስፒታል ውስጥ የመስማት ምርመራ ባለሙያ ናት። ድምፅ በማያስገባ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰው ታስቀምጣለች፣ ማዳመጫ ታደርግለታለች፣ ከመስታወቱ ወዲህ ሆና ቀጭን ድምፅ እየላከች «ሲሰማዎት ቁልፉን ይጫኑ» ትላለች። የተማረችው ፊዚክስ ነው፤ የምትውለው ግን ከሰው ጆሮ ጋር ነው። ወደ እሷ ከሚመጡት መካከል ጆሯቸው ከደከመ በኋላ ማንም የማይሰማው ድምፅ የሚሰማቸው አሉ። ዕድሜውን ሙሉ ወፍጮ ቤት የሠራ አንድ ሽማግሌ፣ ወፍጮው ተነቅሎ ከተሸጠ በኋላም ሲፈጭ ይሰማዋል። ጆሮ ያጣውን ድምፅ አንጎል ራሱ ይሠራዋል ማለት ነው። ለምን? ይህ ጥያቄ ልጅቷን እንቅልፍ የነሣ ጥያቄ ነው፤ ለመመለስ ደግሞ ፊዚክስ ብቻውን አይበቃም፣ ሕክምናም ብቻውን አይበቃም።

በውጭ አገር ፊዚክስን፣ የአንጎል ሳይንስንና ሥነ ልቦናን አጣምሮ የሚያስተምር የማስተርስ ትምህርት መኖሩን ፈልጎ ያገኘላት እጮኛዋ ነበር። እጮኛዋ የመንገድ ቀያሽ ነበር፣ ሳቂታ፣ ወሬ የማያልቅበት። «አንቺን አስበው ነው የከፈቱት» አላትና ያኔውኑ የማመልከቻውን አካውንት በራሱ ስልክ ቁጥር ከፈተላት። በራሱ ቁጥር የሆነው የሷ ስልክ ጥገና ላይ ስለነበር ነው። የት? ታናሽ ወንድሙ ሱቅ። ታናሽየው «ነገ ይደርሳል» ካላት ሰንብቶ ነበር። የሞባይል ጠጋኝ «ነገ» ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

የሠርጋቸው ቀን ከተቆረጠ በኋላ እጮኛዋ ከመስክ ሲመለስ መኪናው ገደል ገባ። እሷም ማመልከቻውንም፣ ጥያቄዋንም፣ ራሷንም አንድ ላይ ጥቅልል አድርጋ አስቀመጠች። ዓመት አልፎ ወደ ማመልከቻው ስትመለስ ድረ ገጹ እንደ ድሮው ነበር። ለመግባት በሞከረች ቁጥር ማረጋገጫ ኮድ ይልካል፤ ኮዱ የሚሄደው ወደ ሟቹ ስልክ ነው።

ስልኩ ደግሞ እናቱ ቤት ነው። በሟቹ ክፍል፣ በሟቹ ጠረጴዛ ላይ፣ ቀንም ሌትም ቻርጀር እንደተሰካበት። እናት ከዚያ ክፍል እንዲወጣ አይፈቅዱም። ታናሽየው፣ ማለት ጠጋኙ፣ ሲሙ እንዳይዘጋ ይንከባከበዋል፤ እናቱ በየሰዓቱ እንዳይደነግጡ የማስታወቂያ መልእክቶቹን ዘግቷቸዋል። ጓደኞቹ መጻፍ ካቆሙ ቆይቷል። ስለዚህ በዚያ ስልክ የሚገባ መልእክት አንድ ብቻ ነው፣ የሷ ኮድ። ሲገባ የሚሰማው ጥሪ የሟቹ የራሱ ፉጨት ነው። በሕይወት ሳለ ለቀልድ ቀድቶት፣ ወንድሙ ስልኩ ላይ ጫነለት። ማን ያውቅ ነበር?

እንግዲህ አሠራራቸው እንዲህ ነበር። እሷ ከሆስፒታል ሆና ለጠጋኙ ትደውላለች። እሱ ወረንጦውን አስቀምጦ፣ ከሱቁ ጀርባ ባለው በር ወደ ግቢው ገብቶ፣ ወደ ወንድሙ ክፍል ይሄዳል። በስልኩ ውስጥ እርምጃውን ትሰማለች፣ በሩ ሲጢጥ ሲል ትሰማለች። ከዚያ ኮዱን ስትጠይቅ ያ ፉጨት ይመጣል። ከፉጨቱ በኋላ ጠጋኙ ጉሮሮውን ጠርጎ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ያነብላታል። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሟቹ ፉጨት፣ ከዚያ የሕያዉ ድምፅ። በዚያ መስመር ላይ ሁለት ብቻ ሆነው አያውቁም።

ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። ማመልከቻው ማታ ይዘጋል። ማስረጃዎቿ ተተርጉመውና ማኅተም ተመቶባቸው ገብተዋል። የቋንቋ ፈተናው ውጤት ገብቷል። አለቃዋ የጆሮ ሐኪሙ «እንዳትወስዷት ብዬ ልጽፍ አስቤ ነበር» እያለ የድጋፍ ደብዳቤውን ልኮላታል። የቀረው አንድ ባዶ ሣጥን መሙላትና «ላክ» የሚለውን መጫን ብቻ ነው። የመጨረሻውን ታካሚ ሸኝታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ደወለች።

«አቤት» አለ ጠጋኙ። የዛሬው አቤት እንደሌላው ቀን አልነበረም።

«ኮዱን ልጠይቅ ነው፤ ታይልኛለህ?»

እርምጃ የለም፣ በር የለም፣ ፉጨትም የለም።

«አለህ?»

«ዛሬ አልተቻለም።»

«አልተቻለም ማለት?»

«ስልኩ ቦታው ላይ የለም።»

«የት ሄዶ?»

«እንጃ... ነገ ብናየው አይሆንም?»

አፉ ለምዶበት ነው ያመለጠው። ቃሉን ገና ሳይጨርስ ምላሱን ቢነክስ ይሻለው ነበር። እሷ ግን የሰማችው ሌላ ነው። የሰማችው ያለፈውን ሳምንት «ባትሄጂስ?» ነው። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ድምፅ በማያስገባው ክፍል ውስጥ ያለችው እሷ ራሷ የሆነች ይመስል፣ ከልቧ ምት በስተቀር የሚሰማት ነገር አልነበረም። ያመነችው ሰው ነበር። ያ ነው ያንገበገባት።

ሱቁ የእናቱ ግቢ አጥር ተቆርጦ የተሠራ ጠባብ ክፍል ነው። ስትደርስ ጠጋኙ ከተፈታ ስልክ ፊት ተቀምጧል። ብሎኖቹ ማግኔት ላይ ተደርድረዋል፣ መብራቱ በርቷል፣ እጁ ግን ሥራ አልያዘም። ሲያያት ብድግ አለ።

«አውጣው» አለችው።

«ምኑን?»

«ስልኩን ነዋ! አትሂጂ ያልከኝ አንተ። ስልኩ የለም ያልከኝም አንተ። ይኼን ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም።»

«አትሂጂ አላልኩም። ባትሄጂስ ነው ያልኩት።»

«ለእኔ አንድ ነው።»

«ለእኔ አንድ አይደለም» አለ። «አንዱ ትእዛዝ ነው። አንዱ ግን... ተይው።»

«አልተወውም! ዓመት ሙሉ ምንም ነገር ለመጀመር አቅም አጥቼ ኖሬ፣ አሁን አንድ ነገር ጀምሬ ልጨርስ ስል አንተ ትደብቅብኛለህ? ማን ደበቀው ታዲያ፣ በራሱ ተነሥቶ ሄደ?»

አንድ ቃል ቢናገር ነጻ ይወጣ ነበር። አልተናገረም። ጠዋት በግድግዳው በኩል የሰማው ነገር ነበር፤ እሱን ለማንም ለመናገር፣ ለሷ እንኳ ቢሆን፣ አፉ እምቢ አለው። ዝምታው ደግሞ ይባስ አናደዳት። እናም መባል የሌለበትን አለች።

«ጋሼህ ቢኖር ያፍርብህ ነበር።»

የጠጋኙ ፊት ጠቆረ። መብራቱን አጠፋ። «ጋሼ ቢኖር» አለ ቀስ ብሎ፣ «አንቺ እዚህ በር ላይ ቆመሽ እኔን አትሰድቢኝም ነበር። እሱን ማን ይነግረኛል? በደወልሽ ቁጥር ቀድሞኝ የሚያናግርሽ እሱ ነው። ላናግርሽ አፌን ስከፍት እሱ ያፏጫል። ሞቶም ይቀድመኛል። አልተቀየምኩትም፤ ወንድሜ ነው። ግን ይህን እንደማላውቅ አድርገሽ አትንገሪኝ።»

ልቧ ደነገጠ። እልኋ ግን ገና አልበረደም ነበር። ቦርሳዋን ከፍታ ስልኳን አወጣች። «ቆይ፣ የት እንዳለ አሁን እናያለን» አለችና ኮዱ እንዲላክ ተጫነች። ዓይኗን ከሥራ ጠረጴዛው መሳቢያ ላይ ሳትነቅል ጠበቀች።

ፉጨቱ መጣ። ከመሳቢያው አልነበረም። ከጠጋኙ ኪስም አልነበረም። ከግቢው ውስጥ፣ ከዋናው ቤት፣ ቀጭንና ደስተኛ ሆኖ መጣ። አንድ ሰው ከሥራ ተመልሶ ጫማውን እያወለቀ የሚያፏጭ ይመስል ነበር። ሁለቱም ባሉበት ደርቀው ቀሩ። እንደ ባለሙያ፣ ድምፁ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ማሰብ አላስፈለጋትም።

«እማዬ ናት» አለ ጠጋኙ ዓይኑን ጨፍኖ። «ጠዋት ስልኩን ይዛ ስታለቅስ በግድግዳው በኩል ሰማኋት። ከዚያ ጀምሮ ከጉያዋ አልለቅ ብላለች። ልቀማት? የእናቴን እጅ ልፈልቅቅ?»

ይቅርታ ልትለው ፈለገች። ይቅርታ ግን ለዚያ ሁሉ ነገር በጣም ትንሽ ቃል ሆነችባት፤ በጀርባው በር ወደ ግቢው ገባች፣ እሱም ተከተላት።

የሟቹ ክፍል እንደነበረ ነው። ኮቱ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ የመስክ ጫማው አልጋው ሥር ነው፣ ጭቃው እንኳ አልተራገፈም። እናት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ስልኩን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘውታል። የቻርጀሩ ገመድ ከጉያቸው እስከ ግድግዳው ተወጥሯል።

«ነይ ሙሽራዬ፣ ግቢ» አሉ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህም አጠራራቸውን አልቀየሩም። «ጮኸ። ሰማሽው?»

«ሰማሁ፣ እማማ።»

«ዛሬ የመጨረሻው ነው አይደል? ይኼ ልጅ ለጎረቤት ሲያወራ ሰማሁ። ዛሬ ከላክሽው በኋላ አይጮህም።»

ልጅቷ ወለሉ ላይ፣ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። ጠጋኙ በሩ ላይ ቀረ።

«ያበድኩ እንዳይመስልሽ» ቀጠሉ እናት። «ልጄን አፈር ሲለብስ በዓይኔ አይቻለሁ። ቁጥሩን የሚልከው ባሕር ማዶ ያለ ትምህርት ቤት መሆኑንም ነግረውኛል፣ ማሽን ነው። አውቃለሁ። ግን በዚህ ቤት ከሱ የቀረ፣ ድምፅ ያለው ነገር ምን አለ? ኮቱ አይናገር፣ ጫማው አይናገር። አንቺ እዚያ ሆነሽ የሆነ ነገር ስትነካኪ እሱ ያፏጫል። ማጀት ሆኜ እሰማዋለሁ። መጣ! እላለሁ። ከዚያ እንዳልመጣ ትዝ ይለኛል። ግን በመሀል መጣ የምልባት አንዲት ትንሽ ጊዜ አለች። እሷን ነው የምትወስጂብኝ።»

«እማዬ» አለ ጠጋኙ ከበሩ፣ «ፉጨቱን እኮ በፈለግሽ ሰዓት ላጫውትልሽ እችላለሁ ብዬሻለሁ...»

«አንተ ዝም በል! ወንድምህ ታዞ አያፏጭም ነበር።»

ልጅቷ የእናትን እጅ ያዘች። ስለ ወፍጮ ቤቱ ሽማግሌ ነገረቻቸው። ወፍጮው ከተነቀለ በኋላም ሲፈጭ እንደሚሰማው፣ ልጆቹ ግን «ጃጀ» ብለው እንደተዉት።

«ታዲያ ምን አደረግሽለት?» አሉ እናት።

«መድኃኒት የለኝም። እኔ ጋ ሲመጣ ግን ስለ ወፍጮው ያወራኛል። ሲያወራው ትንሽ ይቀንስለታል።»

«ታድሎ» አሉ እናት። «እኔ ፊት የልጄን ስም የሚጠራ የለም። አስለቅሳታለሁ ብለው ይፈራሉ። አንተም» አሉ ወደ በሩ ዞረው፣ «አንተም ትፈራለህ። ባለቅስስ? እንባ ማንን ገደለ?»

ጠጋኙ አንገቱን ደፋ።

እናት ስልኩን ከደረታቸው ትንሽ ራቅ አድርገው አዩት። «እስኪ አንድ ነገር ንገሪኝ፣ ሙሽራዬ። ይኼ ትምህርት ቤት ያለዚህ ቁጥር አይሆንም ብሎ ነው? ሌላ ስልክ አይቀበልም?»

ጥያቄው ቀላል ነበር። መልሱም ቀላል ነበር። ለመዋሸትም ይመቻል፤ ሦስቱም በሰላም ይለያዩ ነበር። ልጅቷ ግን የዚያን ክፍል ኮት አየች፣ ጫማውንም አየች፣ መዋሸት አልቻለችም።

«ይቀበላል» አለች። «ቁጥሩን መቀየር ይቻላል። ከመጀመሪያውም ይቻል ነበር።»

«ታዲያ?»

«አልቀየርኩትም።»

«ለምን?»

ከበሩ በኩል የጠጋኙ ድምፅ መጣ።

«እኔም አውቅ ነበር። ስልክ ጠጋኝ ነኝ፣ እማዬ፤ ለስንቱ ሰው ቀይሬያለሁ። አልነገርኳትም። እንዳትቀይረው ፈልጌ ነው። ከቀየረችው አትደውልማ።»

ልጅቷ ዞር ብላ አየችው። ዓይናቸው ተጋጨ፤ ሁለቱም አልሸሹም። ምን ያህል ጊዜ፣ እያንዳንዳቸው ሌላውን የሚያታልሉ እየመሰላቸው፣ አንዱን ውሸት ሁለት ሆነው ሲጠብቁ ኖሩ!

«መጀመሪያ ለፉጨቱ ነበር» አለች። «አልዋሽም። ለማመልከቻው ሳይሆን ፉጨቱን ለመስማት ኮድ የጠየቅኩበት ቀን አለ። ገብቼ ምንም ሳልነካ እወጣ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ፉጨቱ እየተሰማ ሳለ... ቶሎ ባለቀ ስል ራሴን ያዝኩት። ከሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ድምፅ እየጠበቅኩ ነበር። የዚያን ቀን ራሴን ጠላሁት፣ እማማ። እስከ ዛሬም ይቅር አላልኩትም። ባለፈው ሳምንት ባትሄጂስ ሲለኝ መልስ ያጣሁት ለዚህ ነው። መልሱ አፌ ላይ ነበር። ፈራሁት።»

እናት ስልኩን መልሰው ደረታቸው ላይ አስጠጉት።

«በዚህ ክፍል ውስጥ» አሉ። «በልጄ ፉጨት ላይ።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ልጅቷ ተነሣች። «ልሂድ። ማመልከቻውም ይቅር፤ እኔም ከዚህ ቤት...»

«አይቀርም!» አለ ጠጋኙ። ከዚያ በፊት ሲጮህ የሰማው ሰው አልነበረም፣ ራሱም ደነገጠ። «እማዬ፣ እኔን ጥዪኝ። ልብሴን ይዤ ውጣ በይኝ፣ እወጣለሁ። እሷ ግን ትላከው። ጋሼ የጀመረላት ነገር ነው። ያኔ እኔ ነገ፣ ነገ እያልኩ ስልኳን ባላቆየው ኖሮ ይኼ ሁሉ አይመጣም ነበር።»

እናት ከግድግዳው ዞሩ። ዓይናቸው እሳት ነበር። «ቆይ፣ ያኔም ሆን ብለህ ነው ያቆየኸው? ወንድምህ በሕይወት እያለ?»

«ኧረ አይደለም! ኧረ በፈጠረሽ! ያኔማ ስክሪን ጠፍቶ ነው! ትእዛዙ አልደርስ ብሎ፣ ከዚያ የመጣውም የሌላ ስልክ ሆኖ...»

እንዲህ እየተንተባተበ ሲያስረዳ እናት ሳይፈልጉ ሳቃቸው አመለጣቸው። ሳቁ ወዲያው ወደ ልቅሶ ተቀየረ፤ ልቅሶው ግን ከሳቁ ጋር ተደባልቆ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም ነበር። «ይኼ ልጅ» አሉ እንባቸውን እያበሱ፣ «ከልጅነቱ ይረሳል፣ ያዘገያል እንጂ አይዋሽም። ያ ነው የሚዋሸው፣ ታላቅየው። ኧረ ስንቱን ዋሽቶኛል! አበባ ማስቀመጫዬን ሰብሮ ድመት ናት ያለኝ፣ ድመት አልነበረንም እኮ!»

ልጅቷ ሳቀች። ጠጋኙም ሳቀ። ሟቹ ከተቀበረ ወዲህ በዚያ ክፍል ሲሳቅ የመጀመሪያው ነበር። ሲያልቅ ሦስቱም አዘኑ፣ እንደ ቅድሙ ግን አልነበረም።

«እሱ ይኼን ቢሰማ ምን ይል ነበር?» አሉ እናት፤ መልሱንም ራሳቸው ሰጡ። «ያፏጫል። ነገር ሲከብደው ያፏጭ ነበር።» ስልኩን ጭናቸው ላይ አኖሩት። «በይ አስጩኺው።»

ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ተጫነች። ፉጨቱ ክፍሉን ሞላው። እናት መልእክቱን ለማየት ሲነኩት ፉጨቱ ተቋረጠ፤ ስልኩን እጃቸውን ዘርግተው ከዓይናቸው አራቁት። ጠጋኙ ሊያነብ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ በእጃቸው መለሱት።

«ሰባት» አሉ። «ዜሮ... ይኼ ዜሮ ነው አይደል? ዜሮ። ሁለት። ሁለት። ዘጠኝ።» ከዚያ በአውራ ጣታቸው መስታወቱን ዳሰሱት። «የመጨረሻዋን ካልኩልሽ አለቀ?»

«አለቀ፣ እማማ።»

ወደ ኮቱ አዩ። ብዙ ቆዩ። ኮዱ ጊዜው ሊያልፍ እንደሚችል ልጅቷ ታውቃለች፤ ግን ቢያልፍም አትናገርም ነበር።

«አራት» አሉ እናት።

ማመልከቻው ተከፈተ። ያ ባዶ ሣጥን እንደ ባዶ አፍ ጠበቃት። «ይህ ጥያቄ ከሕይወትዎ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ይላል። ስንት ጊዜ ጽፋ አጥፍታዋለች። የጻፈችው ሁሉ የሚያምር ነበር፣ ግን የሷ አልነበረም።

«እማማ፣ ቅድም ያሉትን ልጻፈው? መጣ የምልባት ትንሽ ጊዜ አለች ያሉትን?»

«ማን ሊያነበው?»

«ፕሮፌሰሮች።»

«እነሱም እናት ካላቸው ይገባቸዋል። ጻፊው። ስሜን ግን እንዳትጠሪ፤ የሰው አገር ሰው ሁሉ እንዲያዝንልኝ አልፈልግም።»

ጻፈችው። ሳታስጌጥ፣ እንዳሉት። ከዚያ ጣቷን «ላክ» የሚለው ላይ አድርጋ ቀና አለች። ጠጋኙ በዓይኑ «ተጫኚው» አላት። ያ ሰው፣ እንዳትሄድ በሙሉ ልቡ የሚመኘው ሰው፣ እንድትሄድ በሙሉ ልቡ ሲመኝ አየችው። ተጫነችው።

«ማመልከቻዎ ደርሶናል» አለ ስክሪኑ።

ሦስቱም ሳይነጋገሩ አዳመጡ። የሟቹ ስልክ ዝም አለ። የሚያስፈራ ዝምታ ነበር፤ ሰው ወጥቶ በሩ ሲዘጋ የሚቀረው ዓይነት።

«አሁን ቁጥሩን ቀይሪው» አሉ እናት።

«ዛሬውኑ?»

«መልሱ ሲመጣ እዚህ መጮህ የለበትም። ሩቅ አገር ተቀምጠሽ በዚህ ስልክ ልትጠሪ ነው? የሞተ ሰው በር ጠባቂ ሊሆን አይገባም።»

«ለመቀየርም አንድ ጊዜ ያፏጫል» አለች ልጅቷ።

«ያፏጭ።»

አፏጨ። እስከ ዛሬ ጠጋኙ ፉጨቱ ሳያልቅ ስለሚያቋርጠው መጨረሻውን ሰምታው አታውቅም ነበር። አሁን ግን ማንም አላቋረጠውም። ከፉጨቱ በኋላ፣ ቀረጻው ከመቆሙ በፊት፣ ሟቹ ትንፋሽ ይስባል። ሊስቅ ሲል የሚስበውን ትንፋሽ። እዚያ ላይ ያልቃል። የሰው ጆሮ ሲመረምር የኖረ ጆሮዋ ያቺን ትንፋሽ ያዛት፤ ዕድሜ ልኳን እንደምትሰማትም ያኔውኑ አወቀች።

እናት ኮዱን አነበቡ። አሁን አልተንገራገሩም። ድረ ገጹ አዲስ ቁጥር ጠየቃት። የራሷን ልትጽፍ ስትል እናት እጃቸውን ክንዷ ላይ አሳረፉ።

«በሱ አድርጊው» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ በሩ እያሳዩ።

«እማዬ...» አለ ጠጋኙ።

«ዝም በል፣ አልጨረስኩም። መልሱ ሲመጣ የሚያነብላት ሰው ይኑራት። ይኼ የለመደ ነው።»

ልጅቷ የጠጋኙን ቁጥር ሳትጠይቅ በቃሏ ጻፈች። እናት አዩ። ወዲያው ከጠጋኙ ኪስ ውስጥ አጭር፣ ደረቅ ጩኸት ተሰማ። ፉጨት የለው፣ ዜማ የለው፤ ያው የማንም ሰው ስልክ ጩኸት ነበር። ልጅቷ ግን ልቧ ዘለለ። ጠጋኙ ኪሱን ዳበሰ፣ ስልኩ ሊያመልጠው ሲል ያዘው።

«አንብብላት እንጂ!» አሉ እናት። «ዛሬም ነገ ልትላት ነው?»

አነበበላት። አንድ በአንድ፣ ጉሮሮውን እየጠረገ፣ በመካከሉ አንዱን ቁጥር ተሳስቶ እንደገና እየጀመረ።

ሲጨርስ እናት ብድግ አሉ። ጎንበስ ብለው የሟቹን ስልክ ቻርጀር ከግድግዳው ነቀሉት፤ ገመዱን በጥንቃቄ ጠቅልለው ከስልኩ ጋር በጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡት። ከዚያ ጫማውን ከአልጋው ሥር አውጥተው ጭቃውን እያዩ ቆሙ።

«ልጄ» አሉ፣ «መስኮቱን ክፈቺው። አየር ይግባበት።»

ሙሽራዬ አላሏትም። ልጅቷ ወደ መስኮቱ ሄዳ መያዣውን ስትይዝ ነው የገባት። ዓመት ሙሉ የከበዳት ቃል ነበር፤ ሲወሰድባት ደግሞ እጮኛዋ ሁለተኛ የሞተባት ያህል አመማት። ግንባሯን መስታወቱ ላይ አድርጋ አለቀሰች፣ እንባውም ለማንኛው እንደሆነ መለየት አልቻለችም።

ጠጋኙ ከኋላዋ መጥቶ ቆመ። ሊናገር እንደሆነ አወቀች፤ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማችው። እንደ ልማዷም ጆሮዋን ቀድሞ ለሚመጣው ፉጨት አዘጋጀች። ፉጨቱ አልመጣም።

«ሂጂ» አላት። «እኔ እዚሁ ነኝ።»

ድምፁ ብቻውን ነበር። ብቻውን ሲሆን እንዲህ ዓይነት ድምፅ መሆኑን እስከ ዛሬ አላወቀችም ነበር፤ እናም መስኮቱን ከፈተችው።